ለወንድምጋሼ የሰጠሁት አንድ

ሰኞ 3

ክረምቱ ገና ከመግባቱ የላቦራቶሪው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ከማይክሮስኮፔ አጠገብ ባልዲ አስቀምጠውልኛል፤ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። አዲሱ የስላይድ ሣጥንም ዛሬ ደረሰ። ሁሉም የአፍ ካንሰር ናሙና ነው፣ ሁሉም በቁጥር ብቻ የሚታወቅ። አንባቢው የማንን ሥጋ እንደሚያይ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ከወንበሩ ይነሣል፣ ሌላ ሰው ያያል። ይህን የጥናቱን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የምንፈልጋቸው ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ስማቸው ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለሆነ እዚህ ቤት አንደኛውን ሙጫ፣ ሁለተኛውን መንገደኛ እንላቸዋለን። ሙጫ ሴሎቹን አጣብቆ ይይዛል። መንገደኛ ደግሞ ክፉዎቹ ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ተላቅቀው ወደ አንገት ለመጓዝ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ብቅ ይላል፤ ባለበት ቦታ ቀለማችን ቡናማ ይሆናል። ቡናማው በርትቶ ከታየ ሦስት እንሰጣለን፣ መለስ ካለ ሁለት፣ ፈዘዝ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። ዕጢያቸው ትንሽ ሆና ተጠርጋ ለወጣችላቸው ሕሙማን ይህች ቁጥር ቀላል አይደለችም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነች ቀዶ ሐኪሙ አንገታቸውን ከፍቶ ንፍፊቶቹን ያወጣል፣ ጨረር ሕክምናም ይከተላል። ከሁለት ካነሰች ይተዋቸዋል፤ በየጊዜው እያየ ይከታተላቸዋል።

የአውቶቡስ ጣቢያ ጠሪ የነበረው ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድምጋሼም፣ ከነዚህ ሕሙማን አንዱ ነው። ባለፈው ወር ከጉንጩና ከታችኛው ድዱ መሀል አተር የምታክል ነገር አወጡለት። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ሲፈርም፣ "ዕድሜዬን ሙሉ መንገደኛ ስጠራ ኖሬ ይኸው እኔም ቁጥር ተሰጠኝ" ብሎ ነርሷን አሳቃት።

ከሣጥኑ ውስጥ የሱ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም፣ ማወቅም አልችልም። ስለዚህ ለማንም መናገር አላስፈለገኝም።

ሐሙስ 6

ሩጫ። ሣጥኑ እስከ ግማሽ። ዓይኔ ቀልቷል።

እያንዳንዷን ስላይድ እኔና ሚዛን ለየብቻ እናያለን። ሚዛን ያልናት ውሃ ቀጠነ ባይ ስለሆነች ነው፤ ወጣት ሐኪም ናት፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ዓይኗ የተሳለ። ቁጥራችን በሁለት ከተራራቀ ባለ ሁለት ራሱ ማይክሮስኮፕ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን አብረን ማየት አለብን። እስካሁን አልተራራቅንም።

እሁድ 9

ወንድምጋሼ ቤት ዋልኩ። በር የከፈተችልኝ ሚስቱ እትዬ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እጇን በግድግዳው ላይ እያስኬደች ነው የምትመጣው፤ እኔን ግን በኮቴዬ ታውቀኛለች። "ግቢ፣ ወሬኛው በረንዳ ላይ ነው" አለችኝ።

ጋዜጣ ዘርግቶ ሲጠብቃት ደረስኩ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከስፖርቱ እስከ ማስታወቂያው ያነብላታል። ቁስሉ ገና ስላልጠገገ ከአንድ ጉንጩ ጥጥ ያጎረሱት ይመስላል፤ "ሰ" እና "ሸ" ይምታቱበታል። የሐዘን ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ ግን ድምፁን እንደ ጣቢያው ጊዜ አወፈረው። እትዬ፣ "ምነው፣ ቀስቅሰህ ልታሳፍራቸው ነው እንዴ?" አለችው።

በአውቶቡስ ጣቢያ ጠሪ ሆኖ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ያኔ ግን ገና ሥራውን ሲመኝ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ካርቶን ጠቅልሎ አፉ ላይ ይደግንና የእናታችንን ሁለት ክፍል ቤት ጣቢያ ያደርገው ነበር። "ወደ መኝታ የምትጓዙ መንገደኞች፣ በተለይም ጩጬ የተባልሽው፣ አልጋሽ ለመነሣት ዝግጅቱን ስለጨረሰ እግርሽን ታጥበሽ ባስቸኳይ እንድትሳፈሪ።" እኔ በሳቅ ፍርስ። እናታችን እንኳ ከምድጃው ፊቷን አዙራ ትስቅ ነበር። አባታችን ሞቶ ቤቱ ጭጭ ባለበት ሰሞን ነው የጀመረው። ልጅ ሆኜ ለሥራው የሚለማመድ ይመስለኝ ነበር፤ ለእኛ ብሎ እንደነበር የገባኝ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። አሁንም በሃምሳ ምናምን ዓመቴ ጩጬ ነው የሚለኝ። እንዳይተወው እፈልጋለሁ።

ልሄድ ስነሣ፣ "የኔን ሥጋ አየሽው?" አለኝ።

"ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"ደግ። ብቻ አደራ፣ ምራቄን እንዳይወስዱብኝ። ጠሪ ያለ ምራቅ ምን ይሆናል?"

ጨረር አፍን እንደሚያደርቅ ቀዶ ሐኪሙ ነግሮታል። ቤቴ እስክገባ ይህቺው ንግግር ጆሮዬ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ 11፣ ማታ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ስላይድ አየሁ።

ከዕጢው ግርጌ በሥጋው ክሮች ላይ ተሰልፈው የቆሙ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩ። የጥርስ ሙሊት ናቸው። የድሮው ሙሊት ብናኙ ድድ ውስጥ ከገባ እዚያው ይቀራል፤ ጥርሱ ቢነቀል እንኳ እሱ አይወጣም። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የስንቱ ሰው ጥርስ ተሞልቷል። የማንም ሊሆን ይችላል።

የወንድምጋሼ ጥርስ የተሞላ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ጣቢያው ቀጥሮት ገና ወር አልሞላውም። እናታችን "ይነቀልና ይገላገል" ብትለው፣ "ጥርሰ ወላቃ ጠሪ ማን ይሰማዋል?" ብሎ እምቢ አለ። እጄን ይዞ ወሰደኝ፤ እኔን ብቻዬን ላለመተው ነበር ሰበቡ፤ መንገዱን ሙሉ ግን እጄን ጨምቆ የያዘው እሱ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ። ግራጫውን ልጥፍ በትንሽ ሳህን ላይ እያሹ አሳዩኝና፣ "ይኸውልሽ ልጄ፣ ይሄ ወንድምሽን አርጅቶ ያየዋል" አሉኝ። ስንመለስ አፉ ደንዝዞ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ አንድ አውቶቡስ ልጥራ ቢል ፊደሉ ሁሉ ከአፉ እየተንሸራተተ ወደቀ፤ ለሀጩ አገጩ ላይ ወረደ። ግንብ ተደግፈን ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። አላፊ አግዳሚው የሰከርን መስሎት ነበር። ያቺ ጥርስ ከተነቀለች ስንት ዘመኗ። ከታች፣ በዚሁ ባሁኑ ቁስል በኩል ነበረች።

በስላይዷ ላይ ከጥቁሮቹ አጠገብ ቡናማ ነገር አለ። ደህና አድርጎ የበረታ ቡናማ። ከሙሊቱ ብናኝ የመጣ ነው፤ ብናኙ ሲደቅ ወደ ቡናማ ያደላልና። ደጋግሜ አየሁት።

አንድ ሰጠሁ።

ረቡዕ 12

ከእንቅልፌ ስነሣ ይህቺው ስላይድ ነበረች ሐሳቤ ውስጥ። ልክ ነኝ። ሙሊትን ከፕሮቲን ያልለየ አንባቢ ሰውን በከንቱ ያስቀድዳል፤ ይህንን ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

ጥርጣሬ ካለ መፍትሔው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ሥጋ አንድ ተጨማሪ ስስ ቁራጭ ይቆረጣል፤ ሁሉ ነገር እኩል ይደረግላትና ፕሮቲኑን ፈልጎ የሚይዘው ፈሳሽ ብቻ አይጨመርባትም። ባዶዋ እንላታለን። ባዶዋ ላይም ቡናማው ካለ ሙሊት ነው፤ ከጠፋ ፕሮቲን ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አለች። ነገ አያታለሁ።

ዓርብ 14

ባዶዋን አላየሁም። ስብሰባ ነበር።

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።

ሰኞ 17

ሚዛን ቁጥሯን አስገባች። ለያቺ ስላይድ ሦስት ሰጥታለች።

"ዶክተር፣ አንዷ ላይ ተራርቀናል" አለችኝ በር ላይ ቆማ። "መቼ አብረን እንያት?"

"በዚህ ሳምንት።"

"ዛሬ ከሰዓት ይመችዎታል?"

"በዚህ ሳምንት አልኩሽ እኮ።"

ፊት ነሣኋት። ልጅቷ ምን አጠፋች? ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር፤ ሳልጠይቃት ወደ ቤት ሄደች።

ረቡዕ 19

ሰበብ አላጣሁም። ሰኞ ራስ ምታት። ትናንት የማይክሮስኮፑ አምፖል ደብዝዟል አልኩ፤ አስለወጠችው። ዛሬ የአስተዳደሩ ደብዳቤ።

ሐኪም የሆንኩ ዕለት ትዝ አለኝ። ወንድምጋሼ የምረቃው ሥነ ሥርዓት ላይ አልነበረም፤ ተራው ነበርና ጣቢያው አልለቀቀውም። ግን ተሳፋሪው በተጠቀጠቀበት ሰዓት፣ "የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ሐኪም ስለሆነች ማንም ሰው ዝም ብሎ እንዳይታመም፤ መታመም የፈለገ በሰልፍ" ብሎ ለቀቀላቸው። አለቃው ጽፎ አስጠነቀቀው። እኔ ደግሞ ጋውኔን እንደለበስኩ ጣቢያው ስደርስ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ከነጓዛቸው እየተነሡ ሳሙኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ ቀን አላየሁም፤ ልጆቼ እንዳይሰሙኝ እንጂ።

ያ ድምፅ እንዲደርቅ ነው እንዴ ቁጥር የምጽፈው?

ይሄን ምን አመጣው። ስለ ስላይዷ እኮ ነው የምጽፈው።

ዓርብ 21

ባዶዋን ለማየት ሣጥኑን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ስልክ ጠራ።

በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ የቀለም ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሚዛን ለቀለም ሠሪው፣ "እሷ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የምታሳልፍ ሰው አልነበረችም" ስትለው ሰማሁ። እሱም፣ "ሰው አይደለች? ደክሟት ይሆናል" አላት።

ደክሞኝ ነው። ልክ ብሏል።

እሁድ 23

ወንድምጋሼ ተሽሎታል። ድምፁ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። "ሰ" ከ"ሸ" ተፋታች ብሎ አወጀ። ገንፎም ጭማቂም ሰልችቶታል፤ የዳቦ ቅርፊት ስጡኝ እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። በረንዳው ላይ ጋዜጣውን እያነበበ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፁን ከዝናቡ በላይ አደረገና፣ "ሰማይ የተባልክ፣ መንገደኛ እያስተናገድን ስለሆነ ድምፅህን ቀንስ" አለ። እኔም እትዬም ሳቅን። እንዲህ እንዳለ ቢቆይልኝ ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ዕቃ ለማንሣት ከእትዬ ጋር ወደ ጓዳ ገባሁ። በሩን በእጇ ፈልጋ ገፋ አደረገችው።

"ሌሊት ይነቃል" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የተኛሁ ይመስለዋል። አንገቱን ይዳስሳል። ከዚህ ጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ ታች፣ ቀስ እያለ። ከዚያ ደግሞ ይጀምራል።"

"ፈርቷል ማለት ነው።"

"ፈርቷል እንጂ። ቀን ቀን ቀልዱን ታውቂው የለ? ግን ይረጋጋል መልሶ። 'ጩጬ ካለችበት ምንም አያመልጣትም' ይለኛል።"

ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። እትዬ ትንሽ አዳመጠችኝና፣ "እነዚያ እኮ የታጠቡት ናቸው" አለችኝ።

ማክሰኞ 25

ቀዶ ሐኪሙ ደወለ። እንደወትሮው ትሑት ነው። "አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የቀረችኝ ዶክተር። በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው ካገገመ ቆየ። አንገት ይከፈት፣ ጨረርም ይሰጥ ከተባለ ከዚህ በላይ መዘግየት የለበትም፤ ጊዜው ካለፈ ጥቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ምን አዘገያት?"

"ልዩነት አለን። ነገ ይደርስዎታል" አልኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ጥቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው አለ። የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ እኔም አውቀዋለሁ።

ረቡዕ 26፣ ማታ

ዛሬ ሰበብ አለቀብኝ። ሚዛን ስላይዷን ራሷ አምጥታ ባለ ሁለት ራሱ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጠቻትና ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አጎነበስን።

"እነዚህ ጥቁሮቹ የጥርስ ሙሊት ናቸው" አለች። "እዚህ ላይ እንስማማለን።"

"እንስማማለን።"

"ቡናማውስ ዶክተር?"

"እሱም ከዚያው ነው። ብናኙ ሲደቅ እንዲህ ይሆናል።"

ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ፣ "ባዶዋን አምጥቻታለሁ" አለች። የከሳሽ ድምፅ አልነበረውም። እንዲያውም የፈራች ትመስል ነበር።

ስላይዷን አውጥታ ባዶዋን አስገባች። ጥቁሮቹ እንዳሉ አሉ፣ በክሮቹ ላይ እንደተሰለፉ። ቡናማው የለም። የመደቡ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። መልሳ የመጀመሪያዋን አስገባች፤ መንገደኛው መጣ። ከዕጢው ግርጌ በተርታ ቆሟል፣ ሴሎቹም ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ ከመንጋው ተለይተዋል። ተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ሦስት ይሰጣል። አንድ እንዴት ሰጠሁ? እንዴት እንደሰጠሁማ አውቃለሁ።

"ወንድሜ ነው" አልኳት።

እጇን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሣች። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ካየኋት ደቂቃ ጀምሮ።"

ለሷ ስነግር ነው ለራሴም የነገርኩት። እስከ ዛሬ "የማንም ሊሆን ይችላል" እያልኩ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ ገልጬ አነበብኩት፤ አፈርኩ። ጥርስ ሐኪሙን ሁሉ ጽፌ!

ሚዛን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ብታቅፈኝ ይቀላት ነበር፤ እኔም ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን፣ "ዶክተር፣ ይነሡ" አለችኝ። "ሕጉ ነው።"

ተነሣሁ።

ሐሙስ 27

ሌላ ሆስፒታል ያለ ሦስተኛ አንባቢ ምንም ሳይነገረው አየ። ሦስት።

ለጥናቱ ኮሚቴ ሁሉንም ጻፍኩ። ጉዳዩ እስኪታይ ከማንበብ ታግጃለሁ። ያየኋቸው ስላይዶች በሙሉ እንደገና ይታያሉ። ሚዛን የኔን ወንበር አልወሰደችም፤ ከጎኑ ሌላ አምጥታ ተቀመጠች።

ቀዶ ሐኪሙ ለወንድምጋሼ ዛሬ ማታ ይነግረዋል። አንገቱ ይከፈታል፤ ጨረሩም አይቀርም።

ቁጥሯ ለምን እንደዘገየች ግን ሐኪሙ አያውቅም። እሱን የምነግረው እኔ ነኝ።

ዓርብ 28

በረንዳ ላይ ነበር። ጋዜጣው እግሩ ሥር ወድቋል። እትዬ አጠገቡ ናት፤ እጁን ይዛለች። ቆሜ ነገርኩት። እንዳወቅኩት፣ አንድ እንደሰጠሁ፣ ባዶዋን እንዳላየሁ፣ ሰበብ እየፈጠርኩ ጊዜውን እንደበላሁበት።

"ለምን?" አለኝ።

"ምራቄን እንዳይወስዱብኝ ብለኸኝ ነበር።"

እንደዚያ ያየኝ ቀን ኖሮ አያውቅም። "ቀልዴን ነዋ" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድብሽ ኖሬ፣ ካልጠፋ ቀልድ ይቺን አመንሽኝ?"

"ድምፅህ ..."

"የድምፄ ባለቤት አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ጠይቀሽኛል? ለድምፄ ብዬ እሷን እዚህ ጨለማ ውስጥ ጥያት የምሄድ ሰው ነኝ?" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር። "ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቴን ስዳስስ አንቺ ታውቂ ነበር።"

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

እትዬ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ወይም እኔ ሸኘኋት፣ ክንዴን ይዛ ነበር። "ተቀይሞሻል" አለችኝ። "እኔም ተቀይሜሻለሁ። የኔ ግን ቶሎ ይበርድልኛል።"

እሁድ 30

አልሄድኩም። እትዬ ደውላ ደህና ነው አለችኝ። ከጀርባ ጋዜጣ ሲያነብ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ሳትዘጋው ትንሽ ቆየች። ሆን ብላ ነው።

ሐሙስ 4

ዛሬ አንገቱን ከፈቱት። ከቀዶ ክፍሉ ውጭ ያለው ረጅም ወንበር ላይ እትዬና እኔ ተቀመጥን። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት ዓመት ስሠራ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እንጨቱ ጀርባ ይወጋል።

እትዬ ስለ ድሮው አወራችኝ። መጀመሪያ የወደደችው ድምፁን ሳይሆን ዝምታውን ነው። ጣቢያው ሲዘጋ ከጠሪው ክፍል ወጣና ሻንጣዋ ላይ ከተቀመጠችበት አጠገብ መጥቶ ምንም ሳይናገር ቆመ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሏት ሄዶ ነበር። "አንድ ቃል አልተነፈሰም" አለችኝ። "ሌላው ሁሉ በድምፁ ነው የሚያውቀው። እኔ ዝም ሲል ነው ያገኘሁት።"

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ወንድምጋሼ ዝም ብሎ አያውቅም።

በሰላም ወጣ።

እሁድ 7

በመስኮት አየሁት። ተኝቶ ነበር። ሳይነቃ ወጣሁ።

ማክሰኞ 9

ሚዛን ደወለችልኝ። ያየኋቸው ስላይዶች ሁሉ እንደገና ታይተዋል፤ ከያቺ በቀር ሁሉም ልክ ናቸው። "ሌላው ሁሉ እንደወትሮዎ ነው" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዓይኔ አልደከመም ማለት ነው። ዓይኔ ደህና ነበር።

ሰኞ 15

የንፍፊቶቹ ውጤት ወጣ። አንዷ ውስጥ ካንሰሩ ተገኝቷል፣ ሰሊጥ በምታክል ቦታ። ከንፍፊቷ ቆዳ አልወጣም፤ ሌሎቹ ሁሉ ንጹሕ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ፣ "በጊዜው ነው የደረስንባት። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ተትታ ቢሆን ..." ብሎ አቆመ። ለኔ አዝኖ ነው። እኔ በልቤ ጨረስኩት።

ከሰዓት በኋላ ወንድምጋሼ ሊያየኝ እንደሚፈልግ ላከብኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ያለው ስፌት ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። የከንፈሩ አንድ ጥግ አልታዘዘው ብሎ ወደ ታች ተንሻፏል፤ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል ብለውታል። ሲናገር በሹክሹክታ ነው።

"ጩጬ" አለኝ።

"አቤት።"

"ስንት ነበር የሰጠሽኝ?"

"አንድ።"

"የሚገባኝስ?"

"ሦስት።"

ራሱን ነቀነቀ፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው። "አንድ ስትሰጪኝ ምን አይተሽ ነው?"

"አንተን" አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ያ እትዬ የነገረችኝ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ፣ "የትኛውን እኔን?" አለኝ።

ካርቶን አፉ ላይ የደገነውን ልጅ። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"ያ ልጅ እኮ አልታመመም" አለኝ። "የታመምኩት እኔ ነኝ።"

አለቀስኩ። እንዳላለቅስ አልከለከለኝም፣ አላባበለኝምም። ሲበቃኝ ትራሱን ቀና እንዳደርግለት ጠየቀኝ። አደረግኩለት። ወንበሬን አስጠግቼ ፊቱን አየሁት፤ ሽበቱን፣ የስፌቱን መስመር፣ ያልታዘዘውን ከንፈሩን፣ ዓይኑ ሥር ያለውን ፍርሃት። ሌላ ሰው ሳልጨምርበት አየሁት። የሰውዬው ዕድሜ ስልሳ አራት ነው፤ የሚመጣው ሰኞ ጨረር ይጀምራል፤ ፈርቷል።

"አሁንስ?" አለኝ።

"አሁን አየሁህ" አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ፤ እትዬ እስክትመጣ ያዝኩት።